መጋቢነት ርስት አይደለም

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 32 ጀምሮ ስናነብ፥ የመጀመሪያዎቹ አማኞች ገንዘባቸውን አንድ አድርገው፥ በመካከላቸውም ችግረኛ ሳይኖር እንደ ኖሩ እንረዳለን። ብዙዎቻችን ይህን ያለፈ ዘመን ወሬ አድርገን እናልፈዋለን። ነገር ግን ይህን ቃል እንደ ተጻፈ ሊኖሩት የተነሡ ሕዝብ አሉ፤ ሁተራውያን ይባላሉ። ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ምድር እያረሱ በማኅበር ይኖራሉ። ታሪካቸውን በአጭሩ እንመልከት፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1528 በሞራቪያ ካለችው ከኒኮልስቡርግ ከተማ 200 ያህል ዐዋቂዎች ስለ እምነታቸው ወጥተው ተሰደዱ። በመንገድ ሳሉም ችግረኞችን የሚያገለግሉ ሰዎችን መረጡ። እነዚህ አገልጋዮች ካባ በመሬት ላይ አነጠፉ፤ እያንዳንዱም ማንም ሳያስገድደው ያለውን አምጥቶ በላዩ አኖረ። በ1533 ያዕቆብ ሁተር የሚባል ከቲሮል የመጣ ባርኔጣ ሠሪ መሪያቸው ሆኖ ሥርዓታቸውን አጸና። መሪነቱም ሹመትና ሀብት አላተረፈለትም፤ በ1536 በኢንስብሩክ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ።

እነዚህ ሰዎች ሕፃናትን ባለማጥመቃቸው ከእኛ ይለያሉ። በ1529 በሽፓየር የወጣው ዐዋጅ እንደ እነርሱ ያሉት በሞት እንዲቀጡ ሲያዝ፥ የወንጌላውያን መሳፍንት አልተቃወሙትም። ስለዚያ ስደት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ2010 ሜኖናውያንን ይቅርታ ለምኖአል። እግዚአብሔር ግን አስቀድሞ የሚያስደንቅ ሥራ ሠርቶ ነበር። በ1755 ስለ ሉተራዊ እምነታቸው ከካሪንትያ ወደ ትራንሲልቫንያ የተጋዙ ሰዎች፥ በዚያ ደክመውና ጥቂት ሆነው የቀሩትን ሁተራውያን አገኙ፤ መጽሐፋቸውንም አንብበው ከእነርሱ ጋራ ተባበሩ። በ1762 የጋራው ኑሮ እንደ ገና ተመሠረተ። ስደተኛው ስደተኛውን አነሣው።

በ1770 በዩክሬን ሰፈሩ፤ መሬትም አገኙ። ነገር ግን በመካከላቸው ክርክር ተነሥቶ በ1819 የጋራው ኑሮ ፈረሰ። ያን ጊዜ ያፈረሰው የጠላት ሰይፍ እንዳልነበረ ልብ እንበል። በ1859 ሚካኤል ዋልድነር የሚባል ሰባኪና ብረት ቀጥቃጭ መልሶ አቆመው፤ የቤተ ሰቡም ስም ከእነዚያ ከካሪንትያ ስደተኞች የወረደ ነው። በ1874 ወገኖቹን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በሚዙሪ ወንዝ ዳርም ቦን ኦም የተባለውን ሰፈር መሠረቱ።

የአመራራቸው ሥርዓት ሊታሰብ የሚገባው ነው። ሰባኪ ሲያስፈልግ የተጠመቁት ወንዶች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከዚያም በቂ ድምፅ ባገኙት መካከል፥ ማትያስ እንደ ተመረጠ፥ ዕጣ ይጣላል። ስለዚህ ዕጣው የወደቀበት ሰው፥ በብልሃቴ አገኘሁት ሊል አይችልም። ደመወዝም የለውም፤ እጅ የሚጫንበትም ለዓመታት ከተፈተነ በኋላ ነው። ገንዘቡን የሚይዘው መጋቢና የእርሻው አዛዥም በምርጫ ይሾማሉ። የሰፈሩ ሕዝብ ወደ 150 ሲጠጋ አዲስ መሬት ተገዝቶ ይከፈላሉ። በአንዳንዶቹ ዘንድ ሁለቱም ወገን ዕቃውን ጠቅልሎ ይጠብቃል፤ የሚሄደውና የሚቀረው በዕጣ ይታወቃል። እንዲህ ሲሆን፥ ቤቴ ብሎ የሚጣበቅ ማን ነው?

እንግዲህ ሁላችን መሬታችንንና ከብታችንን በአንድ እናድርግ አንልም። ቅዱስ ጴጥሮስ ለሐናንያ መሬቱ በገዛ ሥልጣኑ እንደ ነበረ አስታውቆታል፤ የምንድነውም በጸጋ እንጂ በጋራ ከረጢት አይደለም። ነገር ግን በጸጋ የዳነ ሰው እጁን ጨብጦ ሊኖር አይገባውም። በጉባኤያችን የሣጥኑን ቁልፍ የያዝን፥ በሽማግሌነት የተቀመጥን፥ በመድረክ የምንቆም ሁላችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ዕጣው ነገ ለሌላ ቢወጣ በደስታ እናስረክባለንን? ወይስ የጌታን ቤት እንደ አባት ርስት ቈጥረን እንሟገታለን? መበለቲቱስ ጉድለቷን ልትነግረን ስትመጣ ደጃችንን ክፍት ታገኘዋለችን?

ቤተ ክርስቲያን የምትጸናው አገልጋዮቿ ካባቸውን ሲያነጥፉ ነው፤ ካባውን ለራሳቸው ሲደርቡት ግን ትደክማለች። የሁላችን እረኛ የሆነው ጌታ ልብሱን አኑሮ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦአል። እርሱ የአገልጋይን ልብ ይስጠን። አሜን።