ለሁለት ልጆች እኩል መስጠት ፍትሕ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ ስንቀማመስ እናቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በንስሐ የሚነገር ምስጢር አይደለም፤ በግልጽ፣ በሁሉ ፊት የሚጠየቅ ነው። «አባታችን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቼን ለእናቴ ትቼ ነው የመጣሁት። እንዳይቀናኑ ብዬ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እገዛለሁ፤ ጫማውም አንድ፣ ቦርሳውም አንድ። ትልቁ ግን ‹እሱን ነው የምትወጂው› ይለኛል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ቀጥሎ ይመጣል፦ «እዚህ የማዳምን ልጆች አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። ፍቅሬን ለሰው ልጅ እየሰጠሁ የራሴን ልጆች አልበደልኩም ወይ?»

ጥያቄው ስደት የወለደው ቢመስልም ሁለት ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ አለ። እኔም ቤት አለ። አንዱ ልጄ የስምንት፣ አንዱ የአምስት ዓመት ነው። የሊፍቱን ቁልፍ ማን ይጫን በሚለው ይጣላሉ። ሙዝ ለሁለት ሲቆረጥ የሁለቱም ዓይን ከቢላዋው ላይ አይነሣም። ሚዛን ቢመጣና ግማሽ ግማሹ ልክ እኩል ቢሆን እንኳ አንደኛው «የእሱ ይበልጣል» ማለቱ አይቀርም። ለምን? የሚመዝኑት ሙዙን አይደለምና ነው። ልባቸው የሚጠይቀው «ከሁለታችን ማንን ታያለህ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ቢላዋ መልስ የለውም።

እንግዲህ እኩል መስጠት ፍትሕ ነውን? በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው መልሱን በልጅነቱ አይቶታል። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ሌላው ወንጌለ ዮሐንስ ላይ ደርሷል፣ ከፍ ያለው መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። የኔታ ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጡም። ፊደል ላልለየው ዳዊት ቢሰጡት ይጨነቃል፤ ዳዊት ለደገመው ፊደል ቢሰጡት ይሰለቻል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዱ አንዲት ፊደል ቢስት የኔታ ሰምተው ያርሙታል። የሚሰጡት የተለያየ ነው፤ ጆሯቸው ግን ለሁሉም እኩል ነው። ልጆቹም «የእኔ አነሰ» ብለው አያለቅሱም፤ እያንዳንዱ እንደሚሰማ ያውቃልና። ጣቶቻችን እኩል አይደሉም፤ የትኛውም ቢቆረጥ ግን ሕመሙ እኩል ነው።

ይህ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ቅዱሳት መጻሕፍት አልሸሸጉንም። በዘፍጥረት 25 ይስሐቅ ዔሳውን፣ ርብቃ ያዕቆብን እንደ ወደዱ ተጽፏል። ሁለት ልጆች፣ ሁለት ወላጆች፤ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ዔሳው ወንድሙን ሊገድል አሰበ፤ ርብቃም ቁጣው እስኪበርድ ድረስ ለጥቂት ቀን ብላ ያዕቆብን ወደ ካራን ላከችው። ጥቂቱ ቀን ሃያ ዓመት ሆነ፤ እናትና ልጅ ዳግመኛ እንደተያዩ የዘፍጥረት መጽሐፍ አይነግረንም። ያዕቆብ ይህን ሁሉ አይቶ እንኳ ዮሴፍን ከወንድሞቹ ለይቶ ወደደው፤ የተለየ ቀሚስም አሠራለት፤ ያ ቀሚስ በደም ተነክሮ ተመለሰለት። ማዳላት ይወረሳል። በመጨረሻ ግን በዘፍጥረት 49 ሽማግሌው ያዕቆብ አሥራ ሁለቱን ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ለያንዳንዱ ለእርሱ የሚገባውን ቃል ሲናገር እናያለን። ለአሥራ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቃል አልነበረውም፤ ያልጠራው ልጅ ግን የለም።

ጌታችንም በሉቃስ 15 ሁለት ልጆች ስላሉት አባት ነግሮናል። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው አባቱ ሮጦ ታናሹን ማቀፉን ነው። ያ አባት ግን በዚያው ቀን ዳግመኛ ወጥቷል፤ ተቆጥቶ ከደጅ የቀረውን ታላቁን ሊለምነው። ለአንዱ ሮጠ፣ ለአንዱ ቆሞ ለመነ። መንገዱ ሁለት ነው፤ ፍቅሩ አንድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ማዳሟን ልጅ ስትንከባከቢ የራስሽን በድለሻልን? ፍቅርና ጊዜን እንለያቸው። ፍቅር እንደ ጧፍ እሳት ነው፤ ሌላ ጧፍ ቢለኮስበት አይጎድልም። ለባዕድ ሕፃን መራራትሽ በእግዚአብሔር ፊት ምጽዋት ነው፤ ከልጆችሽ የተሰረቀ አይደለም። ጊዜ ግን እንደ ሙዙ ነው፤ ለአንዱ የተሰጠው ለሌላው አይደገምም። ስለዚህ «ልጆችሽ ምንም አልጎደለባቸውም» ብዬ ላጽናናሽ አልችልም። ጎድሎባቸዋል። ትልቁ ልጅ የሚቆጣው ይህን ስለሚያውቅ ነው። አንቺም የወጣሽው ለዳቧቸውና ለትምህርታቸው ነው፤ ይህም እውነት ነው። አንዱ እውነት ሌላውን አይሽረውም። የሚያጠፋን ጉድለቱን በዕቃ ልንሸፍነው ስንሞክር ነው። ጥፋተኝነት ሲገዛ ዋጋ አይጠይቅም፤ ልጁ ግን በጫማው ውስጥ እናቱን ፈልጎ ያጣታል።

ታዲያ ከሩቅ ሆኖ ልጅን ማወቅ ይቻላልን? ነቢዩ ሳሙኤልን የወለደች ሐናን ተመልከቱ። እርሷ ልጇን የለየችው በስእለት ነው፤ እናንተ በችግር። ርቀቱ ግን ርቀት ነው፤ እርሷ በአርማቴም፣ ልጇ በሴሎ ነበሩ። በ1ኛ ሳሙኤል 2፥19 በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር ተጽፏል። አስተውሉ፦ ልጅ በየዓመቱ ያድጋል። ያምናው ልክ ለዘንድሮ አይሆንም። ሐና ያን ልብስ ለመስፋት ስንት እንደ ቆመ፣ ትከሻው ምን ያህል እንደ ሰፋ ማሰብና መጠየቅ ነበረባት። ከጨርቁ ይልቅ ፍቅር የነበረው በልኩ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የሚቻለንን እናድርግ።

ጫማ ከመግዛትሽ በፊት ሁለቱም እግራቸውን በወረቀት ላይ አስምረው ፎቶውን ይላኩልሽ። አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የእርሱ ልክ ስለሆነ ግዢለት።

በኢሞ ስትደውዪ ሁለቱን በአንድ ስክሪን አታጋፊያቸው። አሥር ደቂቃ ካለሽ አምስቱ የአንዱ፣ አምስቱ የሌላው ይሁን። ትንሹ ያወራል፤ ትልቁ ዝም ይላል። ዝምታውን ታግሠሽ ጠብቂው፤ እርሱ ከመሄድሽ በፊት የነበረውን ቤት ያስታውሳልና ሸክሙ ይበልጣል። «አንተ ትልቅ ነህ፣ ቻለው» የሚለውንም ቃል እንቀንስ፤ ስምንት ዓመት ትልቅ አይደለም።

ሲጣሉ በስልክ ዳኛ አትሁኚ። ከሩቅ የሚሰማው ድምፁ ከፍ ያለው ነውና ፍርድ ይጣመማል። ያየችው አያት ትፍረድ፤ አንቺ ሁለቱንም ስሚ።

ደግሞም ታሪክ ንገሪያቸው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲያስተምር፣ ወላጅ የቃየንንና የአቤልን፣ ኋላም የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ በልጅ ቋንቋ እንዲተርክ፣ ከዚያም ልጁ ራሱ መልሶ እንዲተርከው እንዲያደርግ መክሯል። ለሁለት ወንድማማቾች ከዚህ የተሻለ ታሪክ ምን አለ? ሥራ ጨርሰሽ ሌሊት በድምፅ ቀድተሽ ላኪላቸው። በማግሥቱ ትልቁ ለትንሹ ይተርክለት፤ ሲተርክ ጠባቂው ይሆናል።

ከቤተሰቦቻችሁ ጋር እዚህ ያላችሁ አባቶችና እናቶችም «ልጆቼ አጠገቤ ናቸው» ብላችሁ አትተኙ። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልክ የሚያይ አባት ከባሕር ማዶ ካለችው እናት ሊርቅ ይችላል።

ቃየን ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው እንዳልሆነ ተናገረ። ልጆቻችን እንዲህ እንዳይመልሱ፣ ዛሬ እያንዳንዳቸው በስማቸው ተጠርተው፣ በልካቸው ተወድደው ይደጉ። የሐናን ጸሎት የሰማ አምላክ በሩቅ ያሉትን ልጆቻችሁን ይጠብቅላችሁ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።