ከደጅ ሲወጣ የማን ይሆናል?

ገርጂ፣ ሰሚትም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ የቤት ቆሻሻ መንገዱ አንድ ነው። የሰብሳቢ ማኅበራት ወጣቶች በማዳበሪያ ተሸክመው፣ በጋሪ ገፍተው ገንዳ ያደርሱታል። ከገንዳው በመኪና ተጭኖ፣ ከተማዋን ከምሥራቅ እስከ ደቡብ ምዕራብ አቋርጦ ረጲ፣ ቆሼ ይደፋል። የሙዝ ልጣጩ፣ የውሃ ፕላስቲኩና ፌስታሉ ስንገዛቸው የእኛ ነበሩ። ከደጅ ሲወጡስ የማን ይሆናሉ?

በብዙዎቻችን ልብ ያለው መልስ «ከፍያለሁ» የሚል ነው። የጽዳት አገልግሎት ክፍያ ለዓመታት ከውሃ ቢል ጋር ተደምሮ ሲሰበሰብ ኖሯል። የከፈለ ሰው ቆሻሻው እንዲነሳለት መጠየቁ ተገቢ ነው። ገንዘቡ የሚገዛው ግን ማንሳትን ነው፤ የተነሳው ነገር ሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አይሰርዝም።

ይህን ያየነው በከባድ ዋጋ ነው። በ2008 ዓ.ም.፣ ከለገጣፎ አልፎ ሰንዳፋ አካባቢ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተሠራ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ። ዓመት ሳይሞላው የአካባቢው ገበሬዎች በብርቱ ተቃወሙና ተዘጋ፤ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተናደና ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቦሌ ግን ከክምሩ ሩቅ ስለሆነች የራሷ ፌስታሎች ከዚያ ተራራ ውስጥ እንዳሉ መርሳት ይቀላታል።

ለዚያ ሞት ጥፋተኛው ማን ነው ብንል፣ የትኛውንም ቤት ነጥለን «ያንተ ልጣጭ ነው የገደለው» ማለት አንችልም። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ አይሪስ ማሪየን ያንግ እዚህ ላይ የሚረዳ ልዩነት አስቀምጣለች። ጥፋተኝነት ወደ ኋላ ያያል፤ ማን አደረገው ብሎ አንዱን ይለያል። የጋራ ኃላፊነት ግን ወደ ፊት ያያል። በዕለት ተዕለት ተግባሩ ጉዳት በሚያደርስ ሥርዓት ውስጥ የሚሳተፍ ሁሉ፣ ጥፋተኛ ባይባልም፣ ሥርዓቱን የመለወጥ ግዴታ አለበት። ግዴታው የሚለካውም በእያንዳንዱ አቅም ነው።

በአቅም ከተለካ ደግሞ መንግሥትና አባወራ እኩል አይደሉም። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ሁለቱንም በአንድ አንቀጽ ጠርቷቸው ነበር፤ የቤተሰብ ኃላፊው መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ፣ የከተማ አስተዳደሩም በቂ ማሰባሰቢያ እንዲያዘጋጅ። እናት ማጀት ውስጥ የለየችው ገንዳ ላይ መልሶ ከተቀላቀለ ግን ድካሟ ትርጉም ያጣል። ሰው ትርጉም የሌለውን ድካም ለዘለቄታው አይሸከምም፤ ሊሸከም ይገባዋልም ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ግዴታው የሁለቱም ቢሆን እንኳ በቅደም ተከተል የመንግሥት ይቀድማል። የዜጋውን መልካም ሥራ ትርጉም ያለው የሚያደርገው እርሱ ነውና።

ደቡብ ኮሪያ በ1995 እ.ኤ.አ. ያደረገችው ይህንኑ ነው። የሚጣለው ቆሻሻ ዋጋ በሚከፈልበት ከረጢት እንዲወጣ፣ ተለይቶ የተቀመጠው ፕላስቲክና ወረቀት ግን በነፃ እንዲነሳ ደነገገች። ቤተሰቡ መለየት እንደሚጠቅመው በየወሩ ወጪው ላይ አየ።

ይሁንና መንግሥት ይቀድማል ማለት መንግሥት ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ከከተማዋ ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው ግን የሚበሰብስ ነገር ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ በወጉ አይነድም። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተገነባ ፋብሪካም ቢሆን የማጀቱን ሥራ ሊሠራልን አይችልም።

«መንግሥት ድርሻውን እስኪወጣስ?» ለሚል ሰው፣ የመለየት መንገድ በየሰፈራችን እንዳለ አስታውሳለሁ። ቁራሌው በየኮንዶሚኒየሙ ሥር እየተጣራ ያልፋል። የሰበሰበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ ከዚያ ዳግም ዕቃ ይሆናል። ጠርሙሱንና ካርቶኑን ከምግብ ትራፊ አርቆ፣ በንጽሕና ለእርሱ ማቆየት ከንቱ ድካም አይደለም። ቁራሌው ከተማዋ ያልዘረጋችውን ሥርዓት በጫንቃው ይዞ የቆየ ሰው ነው። ሕግ አውጪዎች ለእርሱ ዕውቅና፣ ለሥራው ጥበቃ፣ ለዕቃውም ማራገፊያ ቦታ ሊሰጡት ይገባል።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ሲከለክል በተጠቃሚው ላይም ቅጣት አስቀምጧል። ክልከላውን እደግፋለሁ። ፍትሐዊ የሚሆነው ግን የሚቀጣው እጅ አስቀድሞ ያዘጋጀ እጅ ሲሆን ነው፤ ለገበያተኛው በአቅሙ የሚገዛው መያዣ፣ ለየሰፈሩ የተለያየ ገንዳ፣ ሳይቀላቅል የሚጭን መኪና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የጣለው በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ነው። ይህ አንዱ እስኪጀምር ሌላው እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ውል አይደለም። ዜጋው ዛሬ የሚችለውን ይለያል፤ የለየው እንዳይቀላቀል ደግሞ ወረዳውን ይጠይቃል። መጠየቁም ራሱ የግዴታው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ከደጃችን የወጣው ነገር የሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ደጅ ነው።