ወጣሪው ማነው?

«እንዴት ነህ?» ሲሉን «ተወጥሬያለሁ» ብለን መመለስ ለምደናል። ቃሉን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ቆዳ ይወጠራል፣ ከበሮ ይወጠራል፣ የክራር አውታር ይወጠራል። ሁሉም ራሱን አይወጥርም፤ የሚወጥረው እጅ አለ። «ተወጥሬያለሁ» ስንል ግን ወጣሪው ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የጠፋው ሰው ነው።

ነገሩ የገባኝ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ባንድሶ አጠገብ ቆሜ ነው። ለማታውቁት፦ ባንድሶ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ፑሊዎች ላይ የሚዞር፣ ጫፍና ጫፉ በብየዳ የተያያዘ ባለጥርስ ቀጭን ምላጭ ያለው መጋዝ ነው። ሐሳቡ እንግሊዝ አገር የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቢሆንም ለብዙ ዓመታት እምብዛም አልሠራም። ብየዳው ውጥረቱንና መታጠፉን አልችል ብሎ ይበጠስ ነበር።

ምላጩ ከላላ ወፍራም ጣውላ ውስጥ ሲገባ ይጎብጣል፣ መስመሩን ይስታል፣ ከፑሊውም ሊወጣ ይችላል። ከከረረ ደግሞ ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ጥርሶቹ ሥር ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል። ባለሙያዎች ማሽኑን አጥፍተው ምላጩን ከጎኑ በጣት ገፋ ያደርጉታል። ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ እሺ ካለ ይበቃዋል ይላሉ።

እዚህ ላይ «አይክረርም፣ አይላላም፣ መሃሉ ይሻላል» ብሎ መጨረስ ይቻል ነበር። ግን የትኛው መሃል? ሰፊው ምላጭ የሚፈልገው ኃይል ጠባቡን ይበጥሰዋል። አርስቶትል ይህን ቀድሞ አይቶታል፦ አሥር ምናን ምግብ ብዙ፣ ሁለት ምናን ጥቂት ቢሆን፣ ለሁሉም ሰው ስድስት ይሰጠው ማለት አይደለም። ለዝነኛው የትግል ስፖርተኛ ለሚሎን ያንሳል፣ ለጀማሪው ይበዛል። ልኩ ያለው ቁጥሮቹ መሃል ሳይሆን ሰውየው ዘንድ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ የሦስት ሰው ሥራ ተደርቦባት ታማ ተኛች። አለቃዋ ምን አላት? «ከአንቺ በፊት የነበረችው ችላው ነበር።» ይህ ሙግት እንጨት ቤት ውስጥ እንኳ አይሠራም። የሌላው ምላጭ መቻል ስለዚህኛው ምንም አይነግርህም።

ደግሞ መበጠስ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ፑሊው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ትንሽ ባንድሶ ላይ ምላጩ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለቴ ይታጠፋል፣ ሁለቴ ይቃናል። ስንጥቁ በዚህ ሁሉ መሃል ቀስ ብሎ ያድጋል። ብዙ ጊዜ ከመበጠሱ በፊት ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። ድምፁን ሰምቶ ማሽኑን የሚያቆመው ምላጩ አይደለም፤ ሰው ነው። የተበጠሰ ዕለት ግን ሁላችንም «ደካማ ነበር» ለማለት እንፈጥናለን።

«ታዲያ ሁሉም ይላላ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልወጣኝም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምላጭ አይበጠስም፣ እንጨትም አይቆርጥም። ሥራ ውጥረት ይፈልጋል። «ራሴን የምወጥረው እኔው ነኝ» የሚልም አለ፤ እውነቱን ነው። ያ ሰው ግን ምላጭም ወጣሪም ነው፤ የወጣሪው ግዴታ እሱም ላይ አለ።

ግዴታው ምንድነው ካላችሁኝ ሦስት ነገር ነው፦ ከመወጠር በፊት ምላጩን ማወቅ፣ እየሠራ ድምፁን መስማት፣ ሥራ ሲያልቅ ማላላት። ሦስተኛውን እንረሳዋለን። ብዙ የባንድሶ አምራቾች ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ውጥረቱ እንዲቀነስ ይመክራሉ፤ አለበለዚያ ምንም ሳይቆረጥ የፑሊው ላስቲክ ይሰረጎዳል፣ ሞላው ይደክማል።

አለቃ፣ ወላጅ ወይም አስተማሪ ከሆናችሁ «ጠንክር» ማለት ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን ማጥበቂያውን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ እዩ። ምናልባት የእናንተው ነው።