ቃርሚያው የማን ነው?

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ የንስሐ አባቴ ቤት ሊባርኩ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ያለው አፓርታማችን መጡ። ጠበል እየረጩ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሊያልፉ ሲሉ ቆም አሉ። ከእመቤታችን ሥዕል ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አምስት ቀንድ ሰቅዬ ነበር። ትልቁ ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ይደርሳል፤ ስድስት ቅርንጫፍ አለው።

«ማን ገደለው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ማንም አልገደለውም አባ። ራሱ ነው የጣለው።»

«ቀንድ ይወድቃል እንዴ?»

መጠየቃቸው አልገረመኝም። በአገራችን ቀንድ አይወድቅም። የበሬው፣ የፍየሉ፣ የድኩላው፣ የዋልያው ቀንድ ከባለቤቱ ጋር አድጎ ከባለቤቱ ጋር ይሞታል። ውስጡ አጥንት ነው፤ ላዩ ደግሞ እንደ ጥፍራችን ያለ ሽፋን ነው፤ አንዴ ከተሰበረ ተመልሶ አይበቅልም። እኔ ያደግሁት ባሌ፣ ጎባ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘውን ደጋ አጋዘን ዲንሾ ላይ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ እሱ እንኳ በስሙ አጋዘን ይባል እንጂ ወገኑ ከእነ ድኩላ ነው፤ ቀንዱን አይጥልም። የአባቴ ጋቢ የሚሰቀልበት ኩላብ የአጋዘን ቀንድ ነበር። አጎቴ ጠጅ ቀመስ ሲያደርግ ወደዚያ ኩላብ እያየ ይፎክር ነበር፤ የጣለው እሱ ነበርና። እኔ ግን ማታ ማታ ቀንዱን እያየሁ ዓይኑ የት ሄደ እያልኩ እፈራ ነበር። በእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ቀንድ ካለ የሞተ አለ፤ የገደለም አለ። አባ የጠየቁኝ ይህንን ነው።

ትልቁን ከሚስማሩ አውርጄ ሥሩን አስነካኋቸው። የራስ ቅል አጥንት የለበትም፤ የመጋዝ ምልክትም የለበትም። ግርጌውን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደሩ ጉብጉብ ያሉ አጥንቶች ዙሪያውን ከበውታል፤ ከእነሱ በታች ያለው፣ ከራሱ የተላቀቀበት ቦታ፣ ነጭና ሸካራ ነው። አባ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት ስም አለው፤ የማይወድቀውን ሆርን፣ የሚወድቀውን አንትለር ይለዋል። እኛ ዘንድ አንድ ቃል ነው ያለው፤ የሚጥል እንስሳ ስለሌለን ሁለተኛው አላስፈለገንም። ኤልክ የሚሉት የዚህ አገር ትልቅ አጋዘን ወንዱ ማርች እና ኤፕሪል ላይ ቀንዱን ይጥልና ወዲያው ሌላ ማብቀል ይጀምራል። አዲሱ ቀንድ በጋውን ሙሉ ደም ሥር የሞላበት ለስላሳ ቆዳ ለብሶ ያድጋል፤ በርትቶ በሚያድግበት ወቅት በቀን እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። የትልቅ ወንድ ጥንድ ቀንድ እስከ 18 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ይህን ሁሉ አጥንት ከሣር ብቻ ማውጣት ስለማይችል ሰውነቱ ከራሱ የጎድን አጥንት ይበደራል። ይህንን መጀመሪያ ስሰማ እጄ ሳላስበው ወደ ጎኔ ሄደ።

የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ሳለሁ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ፤ ካረጁ በኋላ ጠመንጃውን ትተው የወደቀ ቀንድ ይለቅሙ ነበር። እግራቸው ሲከዳቸው ቦታውን ለእኔ ይነግሩኝ ጀመር። ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኘውን፣ በረዶው ቶሎ የሚቀልጥበትን ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት ፈልጊ። አጥር የሚዘሉበትን ቦታ እዪ፤ ሲያርፉ ሲነቀነቁ ይወድቃል። ቀንድ ቀንድ እያልሽ አትፈልጊ፤ ከሣሩ ጋር የማይሄድ ጥምዝ ነገር ፈልጊ። የመጀመሪያውን ሳገኝ ለእሳቸው ነው ይዤ የሄድኩት። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሳይናገሩ ብዙ ቆዩ። አሁን በሕይወት የሉም።

አባ ቀንዱን ሳይመልሱልኝ «ታዲያ ለምን ሰቀልሽው?» አሉ።

ማን ገደለው ለሚለው መልስ ነበረኝ። ለዚህኛው አልነበረኝም፤ ወይም ለራሴ የምሰጠው መልስ በእሳቸው ፊት ቀለለብኝ። ለራሴ የምለው ይህን ነበር። አማርኛችን ጣለ የሚለውን ቃል ለብዙ ነገር ያውለዋል። አዳኝ ግዳይ ጣለ እንላለን፤ አጋዘኑም ቀንዱን ጣለ፤ ሰው አገሩን ጥሎ ሄደ። እኔ እናቴን፣ ጎባን፣ የተማርኩበትን ሙያ ጥዬ ነው የመጣሁት። ያንን ቀንድ ሳይ፣ ከራስ ላይ ከሁሉ የከበደው ወድቆ እንስሳው እንደሚቆም፣ በሚያዝያም እንደገና እንደሚያበቅል አያለሁ። መናኝ ዓለምን እንደሚጥል አድርጌም አስቤዋለሁ።

ይህን ስነግራቸው አባ የኤዎስጣቴዎስን ታሪክ አነሡ። የእኛው አባ ኤዎስጣቴዎስ አይደሉም፤ መስከረም 27 ቀን በስንክሳር የሚታሰበው፣ የሮም የጦር አለቃ የነበረው ነው። አደን ወጥቶ ሲያሳድደው በነበረው አጋዘን ቀንዶች መካከል መስቀል አየ። ከዚያ በኋላ ሀብቱን፣ ሹመቱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን ተራ በተራ አጣ፤ ቤተ ሰቡን መልሶ ያገኘው ብዙ ተንከራትቶ ነው፤ መጨረሻው ሰማዕትነት ሆነ። አባ ታሪኩን ከዚህ በላይ አልተነተኑልኝም። እኔ ግን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሳስበው አንድ ነገር ከበደኝ። መስቀሉ የታየው በሕይወት ባለ፣ ቆሞ በሚያየው እንስሳ ራስ ላይ ነው። የእኔ ቀንድ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከበላዩም እኔ የመታሁት ሚስማር አለ።

ደግሞ አጋዘኑ መናኝ አይደለም። ቀኑ ሲረዝም፣ በደሙ ውስጥ ያለው የወንድነት ሆርሞን ሲቀንስ፣ በቀንዱና በራሱ መጋጠሚያ ያለው አጥንት ይሟሟል፤ ቀንዱም ይወድቃል። አልመረጠም፤ ለእኔም አልሰጠም። ሰጪ ሳይኖር የተቀበልኩት ነገር ስጦታ ሊባል ይችላል ወይ? እግዚአብሔር ነው የሰጠኝ ብዬ ብዙ ጊዜ አመስግኛለሁ፤ ምስጋናዬንም አልመልሰውም። ነገር ግን ከእግዚአብሔር ነው ያልነው ሁሉ ለእኛ ብቻ የተላከ ይመስለናል።

ይህን ያየሁት በዚያው ቀን፣ አባ ጣታቸውን ወደ ቀንዱ ጫፍ ሲያወጡ ነው። «ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ። ጫፉ ላይ ጎን ለጎን የተሳሉ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። በጥሩ መሮ የተፋቀ ይመስላል።

«ጥርስ ነው አባ። የዱር አይጥ ወይም ጃርት ይፍቀዋል። ካልሲየሙን ፈልገው ነው፤ ለአጥንታቸው።»

«እንግዲያው እየበላ ሳለ ነው ያነሣሽበት።»

ጎባ ዙሪያ ገብሱ ታጭዶ፣ ነዶው ተጓጉዞ ሲያልቅ፣ ዘመድ የሌላቸው ሴቶች ማሳው ላይ ጎንበስ ብለው ቃርሚያ ይለቅሙ ነበር። እኛ ልጆች ለጨዋታ ዛላ ስናነሣ እናቴ ትቆጣ ነበር፤ «ተዉት፣ እሱ የእኛ አይደለም» ትለን ነበር። ያረስነው እኛ፣ የዘራነው እኛ ነን፤ የወደቀው ግን የእኛ አልነበረም። በሙሴ ሕግ ባለ እርሻ የወደቀውን ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል፤ ሩትም የኖረችው በዚያ ነው። እኔ በዚህ አገር ራሴን ሁልጊዜ ከሩት ወገን እቆጥር ነበር፤ መጻተኛ ነኝ፤ ቀራሚ ነኝ። በዚያ ተዳፋት ላይ ግን መጻተኛዋ እኔ አልነበርኩም። ማቀዝቀዣዬ ሙሉ ነው። ቃርሚያው የአይጡ ነበር፤ እኔ ጎተራዋ ሞልቶ ሳለ የወደቀውን ልትወስድ የተመለሰችው ባለ እርሻ ነበርኩ።

ሕጉ አይከለክለኝም ነበር። ኮሎራዶ ከ2018 ወዲህ ከኢንተርስቴት 25 አውራ ጎዳና በስተምዕራብ ባለው የሕዝብ መሬት ላይ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 የወደቀ ቀንድ መልቀም ከልክሏል። ምክንያቱ በክረምቱ የከሱት እንስሳት ሰው ሲያዩ ሲሮጡ የቀረቻቸውን አቅም ስለሚጨርሱ ነው። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በየትኛውም ወር ማንሣት አይቻልም። እኔ ሁሌም ከሜይ በኋላ ነበር የምወጣው፤ አንዱንም በስርቆት አላገኘሁም። ዋዮሚንግ፣ ጃክሰን ከተማ አደባባይ ላይ ከእንዲህ ያለ ቀንድ የተሠሩ ትልልቅ ቅስቶች አሉ፤ የመጀመሪያው በ1953 ነው የቆመው። ባለቤቴ ወስዶኝ ከሥሩ ቆሜ ፎቶ ተነሥቻለሁ፤ ያኔ ውበቱ ብቻ ነው የታየኝ። አሁን ስንት አፍ ያንን ይበላ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሰዎቹን መክሰሴ አይደለም፤ ሕጉ የፈቀደልኝና የእኔ የሆነው አንድ አለመሆናቸውን ለማየት ብዙ ዓመት እንደፈጀብኝ ነው የምናገረው።

ሜይ ላይ ሦስቱን በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ተራራው መለስኳቸው። ሁለቱን አስቀርቻለሁ፤ አንዱ ሽማግሌው ጭናቸው ላይ ያቀፉት ነው፣ ሌላው ጥርስ ያረፈበት። ትክክል አደረግሁ ለማለት አልደፍርም፤ ጥርስ ያረፈበትን መመለስ ነበረብኝ፤ ግን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ ከዓይኔ ማራቅ አቃተኝ። ሦስቱን ፀሐይ በሚያገኘው ተዳፋት ላይ፣ ቁጥቋጦ ሥር፣ ተራርቀው አኖርኳቸው።

ኦክቶበር ላይ ሄጄ አየሁ። አንደኛው ሁለት ጫፉ ተበልቷል፤ የተፋቀው ቦታ ገና ነጭ ነው፤ ከሥሩ ጥቃቅን ኩስ ተበትኗል። ሁለተኛው እንዳለ ነው፤ ጉንዳን ሰፍሮበታል። ሦስተኛውን ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየዞርኩ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ሣሩ ላይ የተኛበት ቅርጽ ብቻ ቀርቷል። ሰው አንሥቶት ይሆናል፤ እንደኔ ግድግዳ ያለው ሰው።