አማናና ፊርማ

በ1996 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያዋ ካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲገባ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ አዲስ መድኃኒቱን ትሮቫንን በሕፃናት ላይ ሞከረ። በሙከራው ከገቡት 200 ያህል ሕፃናት 11ዱ ሞቱ። የገደላቸው መድኃኒቱ ነው ወይስ በሽታው? ይህ አከራክሯል። ብዙ ወላጆች ግን «ሙከራ መሆኑን ማንም አልነገረንም» አሉ። የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰጠው የተባለው የፈቃድ ደብዳቤም፣ ኮሚቴው እንኳ ሳይኖር፣ ቀኑ ወደ ኋላ ተደርጎ የተጻፈ መሆኑ ተዘግቧል።

ልጅ በወላጅ እጅ ያለ የአላህ አማና ነው። ታዲያ አማናን ባልገባው ወረቀት ላይ አስፈርሞ ከወላጅ መውሰድ ይቻላልን?

ናይጄሪያ በ2007 ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አወጣች፤ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲም ሥልጠና ተከፈተ። ደግ ነው። ነገር ግን ሠልጣኙ ሐኪም ፎርም መሙላትን ብቻ ተምሮ ከወጣ ምን ዋጋ አለው? «ይህ ሙከራ ነው፤ እምቢ ብትዪም ልጅሽ ይታከማል» ብሎ ለእናት በሐውሳ ማስረዳትን ይለማመድ። እምቢ ካለችም ፊቱን ሳያጠቁር ልጇን ያክም።