የተሰወረው ጢስ
የንባብ ክፍል፦ ያዕቆብ 5፥16

ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ቁጥር 16ን አውጡልኝ። ያዕቆብ እርስ በርስ እንድንናዘዝ፣ አንዳችንም ለሌላው እንድንጸልይ ያዘናል። ለምን? እንድንፈወስ ነው። አሜን?

ዛሬ መጀመሪያ እኔ ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሌክ ሃይላንድስ የሚኖር አንድ ወንድም ደረቱን አሞት ሆስፒታል ገባ። ታሪኩን የምናገረው ፈቅዶልኝ ነው። እኔ ላስተረጉምለት ሄድኩ። ሐኪሟ «ሲጋራ ያጨሳል?» ብላ ጠየቀች። ወንድሜ ሐኪሟን ትቶ እኔን አየኝና «አላጨስም» አለ። ጃኬቱ ይሸታል፤ ማስቲካውም ሽቶውም አልሸፈነውም። እኔም እያወቅሁ «አያጨስም ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ትርጉሙ ትክክል ነበር፤ እኔ ግን ውሸቱን ተባበርኩ።

ማታ ከወጣሁ በኋላ ነርሷ በስልክ ሌላ አስተርጓሚ አቅርባ እንደገና ጠየቀችው። አዲስ አበባ ከሱቅ በፍሬ እየገዛ የጀመረውን፣ ሃያ ዓመት ያጨሰውን ሁሉ ተናገረ። ወገኖቼ፣ ለማያውቀው ድምፅ የነገረውን ለእረኛው መንገር ፈራ። ይህ የእሱ ጥፋት ብቻ ነው?

ሐኪሟ በከንቱ አልጠየቀችም። ዘሌዋውያን 17፥11 የሥጋ ሕይወት በደም ውስጥ እንዳለ ያስተምረናል። ሲጋራ የሚመታው ይህንኑ ነው። ኒኮቲን ልብን ያስሮጣል፣ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ልብ ሥራ ይበዛበታል፣ የሚሠራበት ኦክስጅን ግን ይቀንስበታል። ጢሱ የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ ያቆስላል፤ እዚያ ላይ ስብ ይከማቻል፤ ደሙም በቀላሉ ይረጋል። የረጋው ደም የልብን ሥር ሲዘጋ ሃርት አታክ፣ የአንጎልን ሲዘጋ ስትሮክ ይሆናል።

«ፓስተር፣ እኔ እኮ በቀን አንድ ብቻ ነው» የምትል አለህ። በቀን አንድ ሲጋራ በልብ ላይ የሚጨምረው አደጋ፣ ሃያ ሲጋራ ከሚጨምረው ወደ ግማሽ ይጠጋል። «የኔ ሺሻ ነው፣ በውኃ ያልፋል» የምትሉ ወጣቶችም፣ ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያነጻውም፤ ከሰሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል።

በ2019 ኢትዮጵያ በዐዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለች። በዚያው ዓመት ቴክሳስም ትምባሆ የሚሸጥበትን ዕድሜ ወደ 21 ከፍ አደረገች። ሕግ ጢሱን ከአዳራሽ ያስወጣል። እፍረትን ከሰው ልብ ማውጣት ግን የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። እኛ ግን ምን አደረግን? የሚያጨሰውን በሹክሹክታ ከመዘምራን አወጣነው፤ እሱም ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪናው ጀርባ መደበቅ ተማረ። ከእኛ መደበቁን ሲለምድ ከሐኪሙም ተደበቀ። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19። ቤተ መቅደስ ሲቃጠል ግን ውኃ ይዞ ይሮጣሉ እንጂ ቆሞ ማን ለኮሰው አይባልም!

ተስፋ አለ፣ ሃሌሉያ! ሰው ሲጋራ ባቆመ በደቂቃዎች ውስጥ የልቡ ምት መርጋት ይጀምራል። በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ የሃርት አታክ አደጋው በብዙ ይቀንሳል። ያ ወንድም ሁለቴ አቁሞ ሁለቴ ተመለሰ። አሁን ሦስተኛው ነው፤ በፈተነው ቁጥር ይደውልልኛል፣ አብረን እንጸልያለን። የሐኪሙንም መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ደረታችሁን ሲይዛችሁ ራሳችሁ አትንዱ፣ ጧት እስኪነጋም አትጠብቁ፤ 911 ደውሉ። ሆስፒታል ስትገቡ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ለማቆም እርዳታ የምትፈልጉ 1-800-784-8669 ደውሉ፣ ነፃ ነው።

ከጸሎት በኋላ እዚህ ፊት ለፊት እቆማለሁ። ማንም መጥቶ «አጨሳለሁ» ቢለኝ፣ በዚህ ጊዜ እውነቱን እሰማዋለሁ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ የደበቅነውን ወደ ብርሃን አውጣው፤ የሚያወጣውንም ሰው የምንቀበልበት ልብ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።