«ሆድ ከአገር ይሰፋል» — እስከ ምን ድረስ?

ምራት ከአማቷ ስትቃቃር፣ እህትማማቾች በውርስ ሲኳረፉ፣ ተከራይ ከአከራይ ሲጋጭ፣ ለማስታረቅ የተቀመጠው ሽማግሌ ሌላው ቃል ሁሉ ሲያልቅበት የሚያነሳው ተረት አለ፦ «ቻይው ልጄ፣ ሆድ ከአገር ይሰፋል።» የሰማሽውን ዋጥ አድርጊው፣ ለእሱ የሚሆን ቦታ አታጪም ማለቱ ነው።

ምክሩን አላቃልለውም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዱ፣ በአንድ እድር የሚቀባበሩ ሰዎች ለእያንዳንዱ ሸካራ ቃል መልስ ቢሰጣጡ ሰፈር የሚባል ነገር አይኖርም። ማታ የተሰደበች ሴት ጠዋት ለተሳዳቢዋ «እንዴት አደርሽ» ስትል ብዙ ነገር ታድናለች፤ ልጆቹ አብረው መጫወታቸውን አያቆሙም፣ የቡናው መጠራራትም አይቋረጥም።

እኔ ኦቲዝም እንዳለብኝ ያወቅሁት ካደግሁና ሥራ ከያዝሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ለዘመድ ሁሉ «ሆደ ባሻዋ» ነበርሁ፤ ተረቱም ከማንም በላይ የሚመከረው ለእኔ ነበር። እንደታዘዝሁት ቻልሁ፤ ለዓመታት ቻልሁ። ስለዚህ ተረቱን የምፈትነው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

ተረቱ የሚያስበው ስለ ክፉ ቃል ነው። ወደ እኔ የሚገባው ግን ቃል ብቻ አይደለም። የታክሲው ረዳት ጩኸት፣ የቢሮው መብራት ጥዝዝታ፣ የሹራቡ ስፌት አንገቴ ላይ፣ ጉንጭ ለጉንጭ የሚደጋገመው ሰላምታ፣ ሌላውን ሰው የሚያረጋጋው የዕጣን ጢስ፣ ሁሉም የሚጠራቀሙት ስድቡ ከሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች በጻፈው የመጀመሪያ ዘገባው ከፍተኛ ድምፅ እንዴት እንደሚያስፈራቸው መዝግቧል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ2013 ያወጡት የምርመራ መመሪያም ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪና ለሽታ የሚሰጠውን ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። እንግዲህ አመሻሽ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባ በለሰለሰ ድምፅ «ይህን ብትደግሚው» ሲለኝ እንባዬ ቢመጣ፣ ሰው የሚያየው ያቺን ቃል ብቻ ነው። ጀበና ሲገነፍል የመጨረሻዋን ፍም ብቻ ጥፋተኛ እንደማድረግ ነው።

መቻል ደግሞ በነፃ አይገኝም። በእንግሊዝ ሎራ ሀልና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች እንደ ሌላው ሰው መስለው ለመታየት ቀኑን ሙሉ የሚያደርጉት ጥረት አድክሞ እንደሚጥላቸው ተናግረዋል። በዓመቱ የወጣ ሌላ ጥናት ይህን ማስመሰል ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። ይህን ካነበብሁ በኋላ «ቻይው» የሚለውን ቃል ለማንም ኦቲዝም ላለበት ሰው ሳላመነታ ማለት አልችልም። ሌላም አለ፦ ከእኛ ግማሽ ያህሉ የተሰማንን ስሜት ለይተን ለመናገር ይቸግረናል። ተረቱ ባለቤቱ በሆዱ የያዘውን እንደሚያውቅ አድርጎ ይነሳል። እኔ ማዘኔን ብዙ ጊዜ የምረዳው መንጋጋዬ ሲጨመደድና ቀላል ቃል ሲጠፋኝ ነው።

የእኛው አገር ሌላ ተረት ግን ይህን ነገር በተሻለ ያወቀው ይመስለኛል፦ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው።» ብዙ ጊዜ የሚነገረው አደጋ ያመጣል ስለሚባል ሰው ነው፤ ለእኔ ግን ሌላም ይዟል። የባሰውን ሰው አይገሥጽም፣ ሆድህን አስፋ አይለውም። የሚያዘው ማጭዱን የያዘውን ጎረቤት ነው። የሚናገረውም ስለዛሬ ነው፤ ነገ ሲበርድለት ማጭዱን እንዳይዋስ የሚከለክለው የለም።

በእኔ ኑሮ ማጭዱ ስልኬ ነው፣ በንዴት የተጻፈ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው፣ «አሁኑኑ መልስ ስጪ» የሚል ሰው ነው። ሆድ ሲብሰኝ ምንም አልወስንም፣ ምንም አልልክም። መብራት አጥፍቼ ጋቢውን አጥፌ እደርብና ክብደቱን ደረቴ ላይ አሳርፈዋለሁ። ቴምፕል ግራንዲን የተባለችው አሜሪካዊት የእንስሳት ሳይንስ ምሁር፣ እሷም ኦቲዝም ያለባት፣ በወጣትነቷ አሪዞና በሚገኘው የአክስቷ እርሻ ከብቶች ለክትባት በሚያዙበት ማቀፊያ ውስጥ ሲረጋጉ አይታ ለራሷ ሰውነትን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ሠርታለች። እኔ መሣሪያ የለኝም፤ የእናቴ የእጅ ፈትል ጋቢ ግን ይከብዳል፣ ይበቃኛልም።

ከሁሉ የከበደኝ ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ነው። እኛ ዘንድ የከፋውን ሰው ብቻውን መተው ጭካኔ ነው፤ ይከበባል፣ ይታቀፋል፣ «ምን ሆንሽ?» ይባላል። ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ጥያቄው ራሱ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ነው። እናቴ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባታል። አሁን ውኃ አስቀምጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትወጣለች። የሆነውን በማግስቱ ጽፌ እሰጣታለሁ፤ ታነበዋለች፣ ከዚያ እናወራለን።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በገዛ ልጃቸው ኦቲዝም ተነሣሥተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ አዋቂ ሆነዋል። ስለ ኦቲዝም ስናወራ ግን አሁንም የምናወራው ስለ ሕፃን ነው። አዋቂው ሰርግ ይጠራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ቢሮ ይውላል፤ የት ላይ ትንሽ ዘወር ሊል እንደሚችል ማንም አላሰበለትም።

ለቅሶ ላይ እኔ ቦታዬን አግኝቻለሁ፤ ጓዳ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እያለቀሰ ይገባል፣ ይሳሳማል፣ ጡሩምባውና ዋይታው ይደበላለቃል። ጓዳ ግን ሥራው ግልጽ ነው፦ ሳህን ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ደግሞ እጅ በዝቶበት አያውቅም። የአጎቴ ለቅሶ ላይ አክስቴ ቀድማ «እሷን ለእቃው ተዉልኝ» ብላ ነግራቸው ስለነበር፣ ድንኳን ለምን አልተቀመጥሽም ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።